ጨው ያለበት የጉድጓድ ውሃ የትኛውን አዝመራ ያበቅላል?

ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም። የዝናብ ውሃ አለ፣ የወንዝ ውሃ አለ፣ ከመሬት ሆድ ተቆፍሮ የሚወጣ ውሃ አለ። ዝናቡ ከሰማይ ሲወርድ ጨው የለበትም ማለት ይቻላል። የጉድጓድ ውሃ ግን በአለትና በአፈር ውስጥ ለብዙ ዘመን ሲያዘግም የኖረ ስለሆነ ያለፈበትን ሁሉ እያሟሟ ይዞ ይመጣል። ከሚይዘው ነገር ዋናው ጨው ነው።

የኡኬ ሰው ይህን ሲያነብ «እኛ አገር ዝናብ ሞልቷል፣ የጨው ነገር ምን ያገባናል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ወደ ኋላ ላይ ይመጣል፤ አሁን ግን ስለ ሆራ እናንሳ። በወለጋ ከብቱን ወደ ሆራ የማያወርድ ገበሬ የለም። ከብቱ ያን ጨዋማ ውሃ ሲጠጣ ደስ ይለዋል፣ ሆዱ ይጸዳል፣ ሥጋ ያነሣል። ታዲያ የሆራውን ውሃ በእንስራ ቀድታችሁ ጓሮ ያለው ቦሎቄ ላይ ብታፈሱት ምን ይሆናል? በጥቂት ቀን ቅጠሉ ከጫፉ ይቃጠላል፣ ከዚያም ይደርቃል። ለበሬው መድኃኒት የሆነው ለቦሎቄው መርዝ ነው ማለት ነው። አዝመራም እንደ እንስሳ በየዓይነቱ ይለያያል፤ አንዱ ጨውን ይችላል፣ ሌላው አይችልም።

ጨው ተክልን የሚጎዳው እንዴት ነው? ቋንጣ የሚያዘጋጅ ሰው ያውቀዋል። ሥጋው ላይ ጨው ሲነሰነስ ውሃው ከሥጋው እየተሳበ ይወጣል። ጨው ውሃን ይጎትታል፣ ከያዘም አይለቅም። በአፈር ውስጥም እንዲሁ ነው። የተክል ሥር ውሃን ከአፈር መጥጦ ይጠጣል፤ አፈሩ ውስጥ ጨው ሲበዛ ግን ጨው በአንድ ወገን፣ ሥር በሌላ ወገን ሆነው ውሃውን ይጓተታሉ። ጨው ካየለ ተክሉ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በጥም ይሞታል። ስለዚህ ትናንት ውሃ የጠጣ ማሳ ዛሬ ሲጠወልግ ብታዩ ውሃ አነሰው ብላችሁ ሌላ ጨዋማ ውሃ ከመጨመር በፊት ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ማንበብና መጻፍ የተማረ ሰው ሒሳብም ተምሯልና አይከብድም። የውሃን ጨው የሚለኩ ባለሙያዎች ኤሌክትሪክ በውሃው ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ይመለከታሉ። ጨው በበዛ ቁጥር ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያልፋል። መለኪያው «ዴሲ ሲመንስ በሜትር» ይባላል። ስሙ ረጅም ነው፤ እኛ እዚህ «የጨው ቁጥር» እንበለው። የጨው ቁጥሩ 1 የሆነ ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 640 ሚሊ ግራም ገደማ ጨው አለው። በጣት ጫፍ ከሚቆነጠረው ጨው ብዙም አይበልጥም። ምላስ እንኳ እምብዛም አይለየውም።

እንግዲህ በዚህ ውሃ አንድ ሄክታር መሬት በበጋ ብናጠጣ፣ በጠቅላላው ግማሽ ሜትር ከፍታ ያህል ውሃ ብናፈስ፣ ይህ 5000 ሜትር ኩብ ወይም 5 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። 5 ሚሊዮንን በ640 ሚሊ ግራም ስናባዛ 3200 ኪሎ ግራም ጨው ይወጣል። ይህም 32 ኩንታል ነው! አንድ ገበሬ 32 ኩንታል ጨው በአህያ ጭኖ አምጥቶ ማሳው ላይ ቢበትን ጎረቤቱ አበደ ይለዋል። በቦይ ሲያስገባው ግን ማንም አያየውም። ውሃው ወደ ሰማይ ይተናል፣ ተክሉም ይጠጣዋል፤ ጨው ግን አይተንም፣ ተክሉም እምብዛም አይወስደውም። ማሳው ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ 32 ኩንታል ይታከልበታል።

ዝናብ በበዛበት አገር ክረምቱ ይህን ጨው እያጠበ ወደ ታች ያወርደዋል። ነቀምቴ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። በአፋር ክልል በአሚባራና በወረር ያለው ዝናብ ግን በዓመት ከ600 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ፀሐዩ የሚያተነው ውሃ ደግሞ የዚህን ብዙ እጥፍ ነው። ጨውን የሚያጥብ የለም ማለት ነው።

በመካከለኛው አዋሽ የደረሰው ነገር በአገራችን ለዚህ ጉዳይ ትልቁ ትምህርት ነውና ሰፋ አድርገን እንናገር። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በሸለቆው ውስጥ ትልልቅ የመስኖ እርሻዎች ተስፋፉ። የአፋር ከብት አርቢዎች የበጋ ግጦሽ የነበረው የወንዝ ዳር መሬት ለጥጥና ለሙዝ ታረሰ። የአዋሽ ውሃ በዚያ አካባቢ ሲለካ መጥፎ አልነበረም። ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ውሃው በብዛት ይለቀቅ ነበር፤ የተረፈው የሚወጣበት ማፋሰሻ ግን በጊዜው አልተሠራም። የተረፈው ውሃ ወደ ታች እየሰረገ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ ከፍ አደረገው። ቀድሞ ብዙ ሜትር ወርዶ የነበረው ውሃ በ1970ዎቹ በአንዳንዱ ማሳ ከ2 ሜትር ያነሰ ጥልቀት ላይ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመረዳት የኩራዝን ክር አስቡ። ጋዙ ከታች ነው፣ እሳቱ ከላይ፤ ክሩ ግን ጋዙን እየሳበ ያወጣል። አፈርም እንደ ክር ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ከቀረበ አፈሩ ውሃውን እየሳበ ወደ ገጽ ያወጣዋል፤ ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፣ ጨው ከላይ ይቀራል። መሬቱ አመዳይ የወረደበት ይመስል ነጭ ይሆናል። በመልካ ሰዲና በአሚባራ እንዲህ የሆነ መሬት ጥቂት አይደለም። ሙዝ ጨውን ከማይችሉት ወገን ስለሆነ ቀድሞ የተጎዳው እሱ ነው። ጥጥ ከሙዝ ይልቅ ብዙ ታገሠ፤ ሆኖም ለሱም የከበደ ማሳ ነበርና እየታረሰ የኖረ መሬት ተትቶ ቀረ። በኋላ ከመሬት በታች ማፋሰሻ ቧንቧ መቅበር ግድ ሆነ። ቦይና ማፋሰሻ አብረው ቢሠሩ ኖሮ ወጪው ያነሰ፣ ጉዳቱም የቀለለ ይሆን ነበር። ገንዘብ የሚሰጥ ሁሉ ውሃ ሲገባ ማየት ይወዳል፤ ውሃ ሲወጣ ለማየት የሚቸኩል ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ ከፍ ብሎ መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅም አለ። ውሃው ጨዋማ ነው። በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ሐይቁ እየሰፋ ሲሄድ ግጦሽ ዋጠ፣ መንገድና የባቡር ሐዲድ አስቸገረ፣ ለስኳር እርሻውም ስጋት ሆነ። ሸንኮራ አገዳ ራሱ ጨው አይወድም።

በአገራችን በጨው የተነካው መሬት 11 ሚሊዮን ሄክታር ይሆናል የሚለው አኃዝ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። አብዛኛው ቆላና ከብት አርቢ የሚኖርበት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዛሬ ኢራቅ በሚባለው አገር ከ4000 ዓመት በፊት በመስኖ ያርሱ የነበሩ ሰዎች ስንዴና ገብስ ይዘሩ ነበር። ተመራማሪዎች የጥንቱን የሸክላ ጽሑፍ አንብበው እንደጻፉት፣ በደቡቡ ክፍል ስንዴው እያነሰ እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ገብስ ብቻ ቀረ። ምክንያቱ መሬቱ ጨው ስላበዛ ነው የሚሉ አሉ። ያን ጊዜ ላቦራቶሪ አልነበረም፤ ግን ገበሬው የትኛው እንደሚችል ከማሳው ተማረ።

አሁን ወደ አዝመራው እንግባ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ካሳተመው መመሪያ የሚገኙ ናቸው። የውሃው የጨው ቁጥር ከ0.7 በታች ከሆነ ምንም ብትዘሩ ጨው አያሰጋችሁም። ከ0.7 እስከ 3 ከሆነ አዝመራውን መምረጥ ያሻል። ከ3 በላይ ከሆነ ብርቱ የሚባሉት ብቻ ይቀራሉ፤ እነሱም ጥሩ አያያዝ ይፈልጋሉ።

ከሁሉ የሚደክመው ቦሎቄ ነው። 0.7 ካለፈ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ በ2.4 ግማሹን ያጣል። ካሮትም የሱ ጓደኛ ነው። ሽንኩርት በ0.8 ይጀምራል፣ በ3 ገደማ ግማሽ ይሆናል። ገበሬዎቻችን ፓምፕ ሲገዙ መጀመሪያ የሚያስቡት ሽንኩርት ነው፤ በገበያ ዋጋ አለውና። ነገር ግን ጨው ባለበት ውሃ ሽንኩርት መትከል ገንዘብን ውሃ ውስጥ እንደ መጣል ነው። ቃሪያና በርበሬ እስከ 1፣ በቆሎና ድንች እስከ 1.1 ድረስ ይችላሉ። በቆሎ በ3.9 ግማሽ ይሆናል። ቲማቲም ትንሽ ይሻላል፤ እስከ 1.7 አይጎዳም፣ ግማሹን የሚያጣው 5 ሲደርስ ነው። ለውዝ እስከ 2.1 ይሄዳል፤ ነገር ግን ካለፈ በኋላ ቶሎ ይወድቃል፣ በ3.3 ግማሹ የለም። አኩሪ አተር እስከ 3.3 ይቆማል።

ብርቱዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ስንዴ እስከ 4፣ ማሽላ እስከ 4.5፣ ጥጥ እስከ 5.1፣ ገብስ እስከ 5.3። ገብስና ጥጥ 12 ቢደርስ እንኳ ግማሽ ምርት ይሰጣሉ። ማሽላ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እስከ 4.5 እንደ ጀግና ቆሞ ድንገት ይወድቃል፤ በ6.7 ግማሽ ነው። ገብስ ቀስ እያለ ይደክማል፣ ማሽላ አንዴ ይሰበራል። የውሃው ቁጥር 4 ከሆነና በበጋው መጨረሻ የሚጨምር ከሆነ ማሽላን ማመን አይገባም። ቴምር በአፋር ለምን እንደሚወደድም ከዚህ ይገባችኋል፤ 12 በሆነ ውሃ እንኳ ግማሽ ፍሬ ይሰጣል።

ለከብት መኖ የሚሆን ሣርም አይረሳ። በወረር የእርሻ ምርምር ማዕከል በጨው የተጎዳ መሬት ላይ ሮደስ የሚባለው ሣርና የሱዳን ሣር ተሞክረዋል። መሬቱ እህል ባይሰጥ ለላም የሚሆን ይሰጣል፤ ሥሩ አፈሩን ያላላል፣ ውሃው ወደ ታች ሲወርድም ጨውን ይዞ ይሄዳል። ውሃውን ራሱን ከብት ቢጠጣውም እስከ 5 ድረስ ችግር የለበትም።

እነዚህ ቁጥሮች ግን የሚሠሩት አንድ ነገር ሲሟላ ነው። ተክሉ ከሚፈልገው ውሃ ላይ ከመቶ 15 እስከ 20 ያህል ተጨማሪ ውሃ መለቀቅ አለበት፤ ያ ትርፍ ውሃ ጨውን አጥቦ ከሥሩ በታች እንዲያወርደው። የወረደውም መውጫ ማግኘት አለበት። መውጫ ከሌለው የአሚባራው ታሪክ ይደገማል። እንግዲህ ጨዋማ ውሃ ያለው ሰው ውሃ ቆጥቦ ጠብ ጠብ ቢያደርግ ማሳውን ይገድላል፤ ያለ ማፋሰሻ ቢያበዛም ይገድላል።

ሌላው ዘሩ የሚበቅልበት ጊዜ ነው። ጨው የሚችል አዝመራ እንኳ ቡቃያ ሳለ አይችልም። ገብስም ልጅ ሳለ እንደማንኛውም ልጅ ነው። ስለዚህ ጥሩ ውሃና ጨዋማ ውሃ ሁለቱም ካሉ፣ ጥሩውን ለዘር ጊዜ ማስቀመጥ፣ ጨዋማውን አዝመራው ካደገ በኋላ መስጠት ነው። ትልምም ሲወጣ ዘሩን በጀርባው ጫፍ ላይ አትዝሩ። ጨው ከውሃው ጋር እየወጣ የሚከማቸው እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ከጎኑ ዝቅ አድርጎ መዝራት ይሻላል።

እንግዲህ ወደ ኡኬ እንመለስ። ኡኬ ከነቀምቴ ወደ አንገር ጉቲን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሞቃት ቆላ ነው። እዚህ አካባቢ የሆራ ምንጭ ካልሆነ በቀር የጉድጓዱ ውሃ በአብዛኛው ጨው አያስቸግረውም። የወለጋ መሬት በሽታ ሌላ ነው። ዝናቡ ጨውን ብቻ ሳይሆን ጠቃሚውንም ማዕድን አጥቦ ወስዶ ቀዩን አፈር ኮምጣጣ አድርጎታል። አፈሩ ሲኮመጥጥ አሉሚኒየም የሚባለው ማዕድን ይሟሟና ሥርን ያቃጥላል።

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በጨው አገር ጀግና የነበረው ገብስ በኮምጣጣ አፈር ከሁሉ ቀድሞ ይወድቃል። በጨው አገር ደካማ የነበረው ድንች ደግሞ በኮምጣጣ አፈር ጥሩ ይቆማል። ዳጉሳም፣ ግብጦም፣ ስኳር ድንችም፣ አጃም ኮምጣጣውን ይችላሉ። ባቄላ አይችልም። ስለዚህ «ገብስ መሬት አይመርጥም፣ ክፉ መሬት ላይ ዝራው» የሚል ምክር ከአዋሽ ሲመጣ እውነት ነው፤ እዚህ ግን ዘር ያስበላል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ ወደ ወለጋ ሸለቆዎች ከመጡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ አሁንም በዚያ ዘመድ አላቸው። በቆቦ ሜዳ ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ እየተሳበ እንደሚለማ ይሰማሉ፣ ምክርም ይለዋወጣሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ ግን ምክሩ ከየትኛው አፈር ላይ እንደተነሣ መጠየቅ ያሻል።

መድኃኒቱም እንዲሁ ይለያል፤ ገንዘብ የሚጠፋውም በዚህ ነው። ለኮምጣጣ አፈር የሚበተነው ኖራ ነው። በሶዳ ለደነደነ የቆላ አፈር የሚበተነው ጀሶ ነው። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፣ በጆንያ ሆነው ሲታዩ አይለዩም። ጀሶ የወለጋን አፈር ኮምጣጣነት አይቀንስም፤ ኖራም ሶዳ የበዛበትን የአዋሽ መሬት አያድንም። የሚበቃው መጠንም በሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሆነ የተሳሳተ ጆንያ መግዛት ቀላል ኪሳራ አይደለም። ጆንያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ካልተጻፈበት አትግዙ።

ከላቦራቶሪ የሚመጣው ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው «ኢ.ሲ.» የሚለው ነው፤ የጨው ቁጥር ያልነው እሱ ነው። ሁለተኛው «ፒ.ኤች.» ይባላል። ይህ ለአፈር ከ5.5 በታች ከሆነ አፈሩ በጣም ኮምጥጧል፣ ኖራ ይፈልጋል። ከ8.5 በላይ ከሆነ ሶዳ ይዞታል። አፈር በነቀምቴ የአፈር ምርምር ማዕከል ይመረመራል፤ የወረዳው የግብርና ባለሙያ እንዴት እንደሚላክ ያሳያችኋል።

ላቦራቶሪው እስኪደርስ ድረስ በቤት የሚሠራ ነገር አለ። አራት ጣሳ ወስዳችሁ ከሥራቸው ብሱና ከአንድ ማሳ የመጣ አፈር ሙሉባቸው። በሁለቱ ቦሎቄ፣ በሁለቱ ገብስ ዝሩ። አንዱን ቦሎቄና አንዱን ገብስ በጉድጓዱ ውሃ፣ የቀሩትን ባጠራቀማችሁት የዝናብ ውሃ አጠጡ። ሦስት ሳምንት ጠብቁ። የዝናቡ ቦሎቄ ለምልሞ የጉድጓዱ ቦሎቄ ጫፉ ከተቃጠለ ውሃው ጨው አለው። በዝናብ ውሃም ቢሆን ገብሱ ቀጭጮ ሥሩ አጥሮና ወፍሮ ከተገኘ ግን ጥፋቱ የውሃው ላይሆን ይችላልና አፈሩን አስመርምሩ።

ውሃ ለምርመራ ስትወስዱ ጠርሙሱን በዚያው በጉድጓዱ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት። ዘይት ወይም ጋዝ የነበረበት ጠርሙስ አይሆንም። ፓምፕ ካለ ጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ ቅዱ፤ ቆሞ የከረመው ውሃ እውነተኛውን አይናገርም። አንዴ በክረምት ማብቂያ፣ አንዴ በበጋው መጨረሻ ግንቦት ላይ ብታስለኩ ይመረጣል፤ በበጋው መጨረሻ የሚገኘው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፣ አዝመራ የሚመረጠውም በሱ ነው። ጠርሙሱን እስከ አፉ ሙሉት፣ ክዳኑን አጥብቁት። ወረቀት ላይ የቀበሌውን ስም፣ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የተቀዳበትን ቀንና በውሃው ሊዘራ የታሰበውን አዝመራ በእጃችሁ ጽፋችሁ ለጥፉበት።